የወጣሁበት ቤት ኪራይ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሃና ደውላ፣ ለለቀቀችው ቤት ባለቤት በስህተት ኪራይ እንደላከችለት ነገረችኝ። ሰውየው ስልክ አያነሳም። «አክስቴ፣ ኢትስ ኦኬ፣ ድራማ አልፈልግም። ለሰላም ሲባል ልተወው» አለችኝ። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ከሌሎቹ ቋንቋዎቿ ጋር ተጋብቷል። እሷ ስልኩን ዘጋች፤ እኔ ግን ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ አልኩ። ያቺን «ለሰላም ሲባል» የምትል ነገር በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ገና ወጣት ሳለሁ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር፣ በአንድ ግቢ ካሉት ክፍሎች አንዱን ተከራይቼ እኖር ነበር። የምሠራው ጊጊሪ፣ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ፣ በጸሐፊነት ነው። ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ማለት ነው። የሚያዝያ ዝናብ ሲጀምር የሞምባሳ መንገድ ወንዝ ይሆናል፤ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ በእርጥብ ሹራብ፣ በናፍጣና በተጠበሰ በቆሎ ሽታ ይታፈናል። ጫማዬን በፌስታል ይዤ ቢሮ የደረስኩባቸው ጠዋቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ለቢሮዬ በሚቀርበው ላቪንግተን፣ ከአንድ ትልቅ ቤት ጓሮ፣ የሠራተኛ ክፍል ሳገኝ አላመነታሁም። ለአከራዬ ለጋሽ መኮንን ከወር በፊት ነገርኳቸው። ክፍሉን ጠርጌ ቁልፉን በእጃቸው ሰጠሁ፤ እሳቸውም መርቀው ሸኙኝ። ያኔ አንቱ እላቸው ነበር። ይኸው አሁንም ብዕሬ አንቱታውን አልተወላቸውም፤ አስተዳደግ ክፉ ነው።

በዚያ ዘመን በስልክ ገንዘብ መላክ የለም። ኪራዩን ባንኩ በየወሩ መጀመሪያ ከሂሳቤ ቆርጦ ወደ ጋሽ መኮንን ሂሳብ ያዛውር ነበር። ከመውጣቴ በፊት አቁሙ ብዬ ለባንኩ ጽፌያለሁ፤ እነሱ ግን እንደ ልማዳቸው ቆረጡ። ያወቅሁት ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ ለእናቴ ተቆራጭ ልልክ ሄጄ የሚላክ ነገር ሳጣ ነው። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ስህተቱ የእነሱ መሆኑን አልካደችም። «ግን ሰውየው ሂሳብ ውስጥ ከገባ በኋላ ያለ እሱ ፈቃድ መመለስ አንችልም» አለችኝ። ብዙም አልደነገጥኩም። ጋሽ መኮንን የአገሬ ሰው ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን ከፊት የሚቆሙ፣ ሲያስሉ እንኳ ሰው የሚያዳምጣቸው።

በሳምንቱ መጨረሻ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ማንዳዚ የሚሉትን የኬንያ ቦምቦሊኖ በሻይ እየነከሩ አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ የገባ ገንዘብ ምን ይደረጋል?» አሉኝ። «በድንገት ወጥተሽ ተከራይ አሳጣሽኝ። ክፍሉ ወሩን ሙሉ ባዶውን ከረመ።»

«ጋሼ፣ ከወር በፊት ነግሬዎት የለም? አሁንስ ሰው እየኖረበት አይደል?»

«እሱ የገባው ገና አሁን ነው» አሉና ማንዳዚ አቀረቡልኝ። አልበላሁም። ስወጣ የድሮ ክፍሌን አንኳኳሁ። አንድ ኬንያዊ ወጣት ከፈተልኝና መቼ እንደገባ ብጠይቀው፣ «ሲስተር፣ ከላንድሎርዱ ጋር ችግር አልፈልግም» ብሎ በሩን በቀስታ ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ስመላለስ አንድም የሉም፣ አንድም ተኝተዋል። እኔ ጠዋት ማታ ሱኩማና ኡጋሊ፣ ማለትም ጎመንና የበቆሎ ገንፎ፣ እየበላሁ ለእናቴ «ደህና ነኝ፣ የቢሮ ነገር ትንሽ ዘግይቶ ነው» እላታለሁ። ውሸቱ ከረሃቡ ይብስ ነበር። በመጨረሻ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌዎች ለመንኩ። እሑድ ከሰዓት በጋሽ መኮንን ሳሎን ተሰበሰብን። ሁለታችንንም ካዳመጡ በኋላ ታላቅየው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ባዕድ አገር ነን። ለሰላም ሲባል ግማሽ ግማሽ ተካፈሉት። አንቺም ተነሺና ጉልበታቸውን ሳሚ።»

«ግማሹ የማን ሆኖ ነው የምካፈለው?» አልኩ። «የወጣሁበትን ቤት ኪራይ ከፍዬ፣ ደግሞ ይቅርታ ልጠይቅ?»

ጋሽ መኮንን ሊያሳፍሩኝ ፈልገው ወይዘሮ ለተብርሃንን አስጠሩ። ለተብርሃን ከግቢው ጓሮ በምትገኝ ጠባብ ክፍል የሚኖሩ፣ ድሮ አስመራ አስተማሪ የነበሩ፣ አማርኛን ከእኔ አጥርተው የሚናገሩ ሴት ነበሩ። ኪራይ ሲያጥራቸው ጋሽ መኮንን ይታገሷቸው ነበር። ይህንን ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ጋሽ መኮንን ራሳቸው ያወሩታላ።

«ለተብርሃን፣ ክፍሉ ባዶ እንደነበር ንገሪያቸው» አሉ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋቸው፣ ስኳራቸውን እያማሰሉ።

ሴትዮዋ በር ላይ ቆመው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

«ባዶ አልነበረም» አሉ። «እሷ በወጣች በዚያው ሳምንት ልጁ ገባ። ማብሰያ ስላልነበረው የከሰል ምድጃዬን ያዋስኩት እኔ ነኝ።» ይህን ብለው ወጡ።

ሽማግሌዎቹ ምንጣፉን ያዩ ጀመር። በኋላ «እንግዲያው ይመለስላት» ተባለ። ገንዘቡ በዘበኛ እጅ፣ ያለ አንድ ቃል መጣልኝ። በዚያው ሰሞን ለወይዘሮ ለተብርሃን ቤቱን እንዲለቁ ተነገራቸው።

ወደ ታላቁ ሽማግሌ ሮጥኩ። «ቤቱ የሳቸው ነው ልጄ፤ በሰው ንብረት ምን እንገባለን?» አሉኝ። የእኔን ኪራይ ሊያካፍሉ ሲቀመጡ የሰው ንብረት መሆኑ ትዝ አላላቸውም ነበር።

ወይዘሮ ለተብርሃንን ወደ ላቪንግተን ወሰድኳቸው። አልጋውን ሰጥቻቸው እኔ መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፍኩ። አንድ ቀን ሕምባሻ እየቆረሱ ሳሉ፣ በእኔ ምክንያት ቤት አልባ መሆናቸው እንደሚያንገበግበኝ ነገርኳቸው።

«ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ» አሉኝ። «ዋሺልኝ ብሎ ቢለምነኝ፣ እንጃ፣ አስብበት ነበር ይሆናል። ብዙ ታግሶኛል። ግን አልለመነኝም። እንደምዋሽ እርግጠኛ ሆኖ ጠራኝ።»

ዝናቡ ሲያባራ ሌላ ክፍል አገኙ፤ የስደተኛ ልጆች ፊደል እያስቆጠሩ ኖሩ። አሁን እሳቸውም ጋሽ መኮንንም በሕይወት የሉም። የጋሽ መኮንን ለቅሶ ላይ ተገኝቻለሁ፤ ተዝካራቸውንም በልቻለሁ። ስለ ደግነታቸው ብዙ ተነገረ፤ እኔም ዝም አልኩ፤ ለቅሶ ቤት ነዋ። ለእሳቸው የነበረኝ ንዴት ከዕድሜ ጋር በርዷል። ያልበረደልኝ ሌላ ነው። ገንዘቡን ያስቀረብኝ ሰው ስግብግብ ነበር፤ ስግብግብ የትም አለ። እነዚያ የተከበሩ ሰዎች ግን እውነቱን በጆሮአቸው ሰምተው፣ የተናገሩት ሴት ሲባረሩ ለእሳቸው የሚቀመጥ ሽማግሌ አልተገኘም። እኔ የአንድ ወር ኪራይ አስመለስኩ፤ እሳቸው ቤታቸውን አጡ። በእኛ ማኅበር ዘንድ ግን ያ ሽምግልና እስከ ዛሬ በሰላም እንዳለቀ ነው የሚወራው።