እኔ ያሰርሁት እርሳስ

እጄ ፈጣን ነው፤ አፌ ግን ይዘገያል። በዚህ ጠባዬ ብዙ ጉድ አይቻለሁ፤ ከገንዳ ውሃ ከተማ በታች ባለችው ኩሬ የሆነውን ያህል ግን የለም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከጎጃም ሰሊጥ ላጭድ ወርጄ እዚያው ቀረሁ። እዚያ ያለው ወንዝ በበጋ ይደርቅና ሁለት ኩሬ ብቻ ይቀራል፤ የላይኛው የሌሎች ነው፣ የታችኛው የእኛ። እዚያ ዓሣ የምናጠምድ ስምንት ሰዎች ነበርን፤ ሁለት ሁለት እየሆንን አንድ መረብ እንይዛለን፣ የያዝነውን ለመንግሥት እርሻው ወጥ ቤት እናስረክባለን። የእኔ የመረብ ጓደኛ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። መረብ መቋጠር ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቋጥሩታል። እኔ ሳበላሸው፣ “አንተ ጅል፣ ዓሣ ልትይዝ ነው ወይስ ፍየል ልታስር?” ይሉኛል።

መረብ እርሳስ ካልታሰረበት አይሰጥምም። እርሳሱ ከድንበር ማዶ፣ ከጋላባት ነበር የሚመጣልን፤ ጠረፉ ሲዘጋ ቸገረን። መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከእርሻው ጋራዥ ጀርባ የሞተ የትራክተር ባትሪ ተከምሮ አየሁ። እያወጣሁ ኩሬው ዳር በመጥረቢያ እፈልጠዋለሁ፣ አሲዱን ውሃው ውስጥ እደፋዋለሁ፣ የውስጡን እርሳስ እዚያው አጥቤ በጣሳ አቀልጠዋለሁ። ለስምንታችንም አዳረስሁ። “እጅህ ይባረክ” አሉኝ፤ ደስ አለኝ። ሁለት በጋ እንዲህ ሠራሁ።

በሦስተኛው በጋ ጎባጣ ዓሣ ወጣ። መጀመሪያ አንድ፣ ኋላ በየመረቡ። ወገቡ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ አንድ ዓይን ብቻ ያለው፣ መንጋጋው የተጣመመ። ወጥ ቤቱ አልቀበልም አለ።

በኩሬው ላይ አንድ ሕግ ነበረን፤ ብርብራ ክልክል ነው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣውን አስክሮ ያንሳፍፈዋል፤ አንዱ ለቅሞ ይበላል፣ ሌላው ባዶውን ይቀራል። ብርብራ የበተነ ሰው የቀኝ እጁ አራት ጣት ይሰበራል። የሚሰብረውም የመረብ ጓደኛው ነው። ባዳ ከመታው ደም ይሆናል፤ ጓደኛው ሲመታው ግን ቅጣት ሆኖ ያልቃል።

ዓሣውን ያጎበጠው ብርብራ ነው ተባለና ተፈታተሽን። የሽማግሌው ስልቻ ውስጥ የተወቀጠ ብርብራ ተገኘ።

“ለፍየሎቼ መዥገር ነው” አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ፍየሎቹን ሲቀቡ በዓይኔ አይቻለሁ። አፌ ግን አልተከፈተም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጠመንጃውን አንግቶ መጣና፣ “ወይ በሕጋችሁ ቅጡት፣ ወይ በአሻጥረኛነት እወስደዋለሁ” አለ። የተወሰደ ሰው እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን።

ሽማግሌው እጃቸውን ጉቶ ላይ አኖሩ። “ምታ ልጄ። አጥብቀህ አንዴ ምታ፣ እንዳትደጋግመው” አሉኝ። በዚያው ባትሪ በምፈልጥበት መጥረቢያ ጀርባ መታሁ። ድምፁ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ነው የሚመስል። እርሳቸው አልጮሁም፤ ሽንታቸው ግን አመለጣቸው። አንዱ ጎንበስ ብሎ አየና፣ “ሁለቱ ቀርተዋል” አለ። ደገምሁት።

በሳምንቱ የመንደሩ ትምህርት ቤት የሳይንስ አስተማሪ ጠራኝ። ከወሎ ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። ከቅጣቱ በፊት አንዲት ጎባጣ ቆረሶ ዓሣ በሕይወት አምጣልኝ ብሎኝ አምጥቼለት ነበር። ቆረሶ እንቁላሏን በአፏ ነው የምትይዝ። በጉድጓድ ውሃ በሞላ በርሜል አስቀምጧት እዚያ ፈለፈለች። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ከግልገሎቹ ብዙዎቹ ጎባጣ ናቸው።

“ብርብራ ያሰክራል፣ ይገድላል እንጂ እንዲህ አያደርግም” አለኝ። “ንጹሕ ውሃ ውስጥ ተፈልፍለው እንኳ ጎበጡ። እናቲቱ ኩሬው ውስጥ መርዘኛ ብረት ጠጥታ ይሆናል። እንደ እርሳስ ያለው ሥጋዋን ብቻ አይደለም፣ ዘሯንም ይነካል። እዚያ አካባቢ ባትሪ የሚሰብር ሰው አለ?”

“የለም” አልሁት።

ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ባትሪው የመንግሥት ነው፤ አሻጥረኛው እኔ ልሆን ነው። አስተማሪውም ብዙ ሳይቆይ ተዛወረ። ባትሪ መፍለጡን ተውሁ፤ ቅርፊቱንም ኩሬው ዳር ቀበርሁት፣ እርሳሱ ግን በየመረቡ ላይ እንደታሰረ ቀረ። ሽማግሌውን ሰው ሰላም አይላቸውም፣ ሚስታቸው ወፍጮ ቤት ተራ ይነፈጋሉ። ዓመት ሙሉ እያየሁ ዝም አልሁ። ወንድ ነኝ እላለሁ ደግሞ።

በሚቀጥለው በጋ ጎባጣው ባሰ። “ጣቱ ተሰብሮም አልተወ” ተባለ። ሰባራ እጅ እንዴት ብርብራ ይወቅጣል ብሎ የጠየቀ የለም። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የቀሩት ስድስቱ አጥማጆች ችቦ ለኩሰው ጎጇቸውን ሊያቃጥሉ መጡ፤ ባልና ሚስት ውስጥ ናቸው። ሮጬ በሩ ላይ ቆምሁ።

“እርሳሱ ነው” አልሁ። “ባትሪውን እዚህ ያጠብሁት እኔ ነኝ። የላይኛው ኩሬ ሰዎች በየሳምንቱ ብርብራ ይበትናሉ፤ ከእነሱ ጎባጣ ወጥቶ ያውቃል? ቅርፊቱን ቆፍሬ ላሳያችሁ።”

ከዚያ አንዱ በዱላ አፌን አለኝ፤ ሁለት ጥርሴ መሬት ወደቀ። ወደቅሁ፤ በእርግጫ ጎድኔን ሰበሩት። “እጅህ ይባረክ” ያለኝ ሰውዬ ነው ጭንቅላቴን የረገጠኝ። ሲደክማቸው ችቦውን አሸዋ ላይ አጥፍተው ሄዱ። የላይኛው ኩሬ ነገር ገብቷቸዋል። ሊቀመንበሩም ባትሪው ከየት እንደወጣ ሲሰማ ነገሩን ዋጠው፤ ለካ የጋራዡ ዘበኛ ወንድሙ ነው።

ሽማግሌው ከጎጆው ወጡና ራሴን ጭናቸው ላይ አደረጉ። በግራ እጃቸው ውሃ እያፈሰሱ አፌን አጠቡልኝ። ቀኙ እጃቸው ቅል እንኳ አይይዝም።

“እርሳሱ መሆኑ መቼ ገባህ ልጄ?” አሉኝ።

“ዛሬ” አልኋቸው።

“እግዜር ይስጥህ” አሉ። “ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር።”