የኤርካሎ «ደህና ነው»

ስለ ኤርካሎ ልጽፍ ነው። ብዙ መጻፍ አልችልም፤ ብሳሳት ይቅርታ። ግን ሰው «ሰነፍ ነበር» ሲለው እየሰማሁ ዝም ማለት አቃተኝ።

ሶዶ ውስጥ ሶፍትዌር የሚሠሩ ልጆች ቢሮ አለ። እኔ እዚያ አጸዳለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ። ኤርካሎ የቤሌ ከተማ ልጅ ነው። ሚስቱና ትንሿ ልጁ ቤሌ ናቸው፤ እሱ እዚህ በኮንትራት፣ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ። ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደነሱ ይሄዳል። «አሳዬ፣ ቋሚ ካደረጉኝ አመጣቸዋለሁ» ይለኝ ነበር። እዚህ የሚከራይላቸውን ቤትም አይቶ ጨርሷል። ጓሮ ያለው፣ ሚስቱ እንሰት የምትተክልበት።

ያን ጊዜ ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር ነበር የሚሠሩት፤ ገበሬው በስልኩ ምርጥ ዘር እንዲጠይቅ። ኤርካሎ ስልኩ ላይ የሚታየውን ይሠራል። ቤዚ የምትባለዋ ደግሞ ከኋላ ያለውን፣ መረጃው የሚቀመጥበትን።

ጠዋት ጠዋት ክብ ሠርተው ቆመው ይነጋገራሉ። ስልጠና ላይ ነው አሉ የተማሩት፤ እያንዳንዱ ምን እንደሠራ፣ ምን እንደያዘው ይናገራል። ኃላፊው ጋሽ ትግሉ «እሺ፣ ሥራ እንዴት ነው?» ይላል፣ እንደ ሰላምታ። እነሱም እንደ ሰላምታ ይመልሳሉ። «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ሰው እንዴት አደርክ ሲልህ ሆዴን አመመኝ ብለህ ትጀምራለህ? አትጀምርም። እንደዚያ ነው። ከዚያ ሻይ።

አንድ ጠዋት ግን ኤርካሎ «የኔ ቆሟል» አለ። ቤት የሚናገረው ወላይትኛ ስለሆነ አማርኛው ቀስ ይላል። «ቤዚ የቀበሌዎቹ ስም መረጃው ውስጥ የሚቀመጥበትን ቀይራለች፣ አልነገረችኝም። የኔ ምንም አያመጣም።»

«ውይ ኤርኬ! በጠዋቱ ልትከሰኝ ነው?» አለች ቤዚ።

«ፍርድ ቤት መስሎታል» አለ ቢኒ፣ ሌላው ልጅ። ሳቁበት።

ጋሽ ትግሉ «ለሱ በኋላ እንቀመጣለን፤ አሁን ቀኑን በመልካም እንጀምር» አለ። በኋላ የሚባለው አልመጣም። ጋሽ ትግሉን ስብሰባ ጠሩት፣ ቤዚም ወጣች። በነጋታው ሲጠይቀው ኤርካሎ ጫማውን እያየ «ደህና ነው፣ ጋሼ» አለ።

ሻይ ስሰጠው «ደህና ሆነልህ?» አልኩት።

«ምን ልበል? ደግሜ ብናገር ሰው አያከብርም ይላሉ። ቋሚ የሚያደርገኝ ጋሽ ትግሉ ነው።»

«ለብቻዋ ንገራት እንግዲህ።»

«ነገርኳት። እሺ አለች። እሺ ብላ ቀረች።»

ሥራውን በሚያሳዩበት ቀን የማኅበሩ ሰዎች ከቦምቤ መጡ። ሊቀመንበሩ አቶ ዳልጮ ስልኩን ተቀብለው ነካ ነካ አደረጉ። ነጭ ብቻ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። «የኔ ቀበሌ የት ሄደ? ሸጣችሁት እንዴ?» አሉ። እየሳቁ ነው ያሉት። ሌላ ሰው አልሳቀም።

እንግዶቹ ሲወጡ ጋሽ ትግሉ ወደ ኤርካሎ ዞረ። «ለምን አልተናገርክም?»

«ተናግሬ ነበር፣ ጋሼ።»

«መቼ? ትናንት ስጠይቅህ ደህና ነው አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«እኮ!»

ቤዚ ስልኳን ታያለች። ቢኒ መስኮቱን። እኔ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። «ተናግሯል ጋሼ፣ እኔም ሰምቻለሁ» አልኩ። ድምፄ ወጣ አልወጣ እንጃ። ጋሽ ትግሉ «አሳየሽ፣ ሻዩን አስቀምጪና…» ብሎ በእጁ በሩን አሳየኝ።

ኮንትራቱን አላደሱለትም። ፍራሹን ጠቅልሎ ባጃጅ ላይ ጫነ፤ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ስለ ቤቱ አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁበትም።

እሱ በሄደ በሳምንቱ ቤዚና ሥራውን የተረከበው ቢኒ ወንበር አጠጋግተው ተቀመጡ። ምን እንደቀየረች አሳየችው። ያስቀመጥኩላቸው ሻይ ሳይበርድ ያ የቆመው ሠራ። አጨበጨቡ። ያው አንድ ወንበር ማጠጋጋት ነበር! ብርጭቆውን አንስቼ ወጣሁ።

ጠዋት አሁንም ክብ ሠርተው ይቆማሉ። «ሥራ እንዴት ነው?» «ደህና ነው።» አሁን ያን ቃል ስሰማ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

በቀደም ደወልኩለት። «እንዴት ነህ ኤርካሎ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ከኋላው ልጁ ታለቅሳለች።

«እኔ ነኝ እኮ» አልኩት። «አሳየሽ ነኝ።»

ልጁን ለእናቷ ሲሰጥ ተሰማኝ።

«የኔ ቆሟል፣ አሳዬ» አለኝ።