ሰባ ሁለት እርምጃ

የባለቤቴ ሙት ዓመት በዙም ታሰበ። ወረርሽኙ ሰው አላሰባስብ ብሎ፣ አሜሪካ፣ ዌስተርቪል፣ ልጄ ቤት፣ ኮምፒዩተር ፊት አስቀመጡኝ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከአዲስ አበባ ሆኖ ሟቹ ስለ ጥንታዊ ሕንፃዎች የጻፈውን መጽሐፍ ያነብ ጀመር። የመረጠው ምዕራፍ ፋርስ የሄድንበትን ጉዞ የሚተርከውን ነው፤ በረሃ መሃል ስለቆመው የሲራራ ነጋዴዎች ማደሪያ፣ እነሱ ካራቫንሰራይ ስለሚሉት።

«ግቢውን በእርምጃዬ ለካሁት» ብሎ አነበበ። «ከበሩ እስከ ትይዩው አዳራሽ ሰባ ሁለት እርምጃ።»

ያ እርምጃ የእኔ ነው።

ባለቤቴ የሕንፃ አስተማሪ ነበር፤ ያን ቀን ግን እንኳን ሊለካ ከመኪናውም አልወረደም። መንገድ ላይ የበላው ሐብሐብ ሆዱን አውኮት የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ ያቃስት ነበር። ደብተሩን ሰጥቶ «አንቺ ግቢና ያየሽውን ሁሉ ጻፊ» አለኝ። ገባሁ። በሩ አንድ ብቻ ነው፤ ጭነት የተሸከመ ግመል ሳያጎነብስ ያልፍበታል። ውስጡ አራት ማዕዘን ግቢ ነው። በየጎኑ መሃል ፊቱ ክፍት የሆነ ባለ ቅስት አዳራሽ አለ፤ በአዳራሾቹ መካከል የእንግዳ ክፍሎች ተደርድረዋል። የክፍሎቹ ወለል እስከ ወገቤ ከፍ ይላል፤ ግመል እንዳይገባባቸው መሆኑን የቦታው ዘበኛ በምልክት አስረዳኝ። ከጀርባ ጨለማ ጋጣ አለ፤ ብርሃን የሚያገኘው በጣሪያው ቀዳዳ ብቻ። መለኪያ ስላልነበረኝ በዚያ ጠባብ ጉርድ ቀሚሴ ከበሩ ተነስቼ ቆጠርኩ። ሰባ ሁለት። ሁሉንም ጻፍኩ።

መጽሐፉ ሲወጣ የገባውም፣ የቆጠረውም እሱ ሆኖ አገኘሁት። እኔ መግቢያው ላይ ስለ ትዕግሥቴ ተመስግኛለሁ።

«የእኔ ነው! እሱ አልገባም!» አልኩ ወደ ኮምፒዩተሩ። ንባቡ ቀጠለ። ደግሜ ጮህኩ።

«እትዬ እያለቀሱ ነው መሰለኝ» አለ ወንድሙ ቀና ብሎ። «አይዞዎት እትዬ፣ በርቱ።»

ልጄ ከጀርባዬ መጣች። «እማዬ፣ ሚዩት አድርጌሽ ነበር እኮ። የልብስ ማጠቢያው ኖይዝ አስቸገረ።»

ድምፁን እስክትከፍተው ጸሎት ተደርጎ ሰዉ ተሰናብቷል።

በማግስቱ ወንድሙ ጋ ደወልኩ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ አንድም ቀን ያልተነፈስኩትን ነገርኩት። «ወንድምህ ያን ቀን ታሞ መኪና ውስጥ ነበር። ደግሞ ቁመቱን ታውቃለህ፤ እንደ ሰጎን ነው የሚራመደው። ሰባ ሁለት የእሱ አይደለም።»

«ደብተሩ አለ?»

ባለቤቴ ገልብጦ ከጨረሰ በኋላ ቤት ስንቀይር ጥሎታል። ይህንንም ነገርኩት።

«እንግዲህ እትዬ፣ ጋሼ ታመው ነበር ያሉኝ እርስዎ ነዎት። የታመመ ሰው እርምጃው ያጥራል።»

ያለችኝን አንድ ማስረጃ ከአፌ ወስዶ ለወንድሙ ሰጠው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው መልስ የፈለግሁት። መጽሐፉ ውስጥ ከገጹ ግርጌ፣ ሌሎች የለኩት ርቀት አርባ ሜትር መሆኑ ተጽፏል። አርባ ሜትሩ በእኔ እግር ሰባ ሁለት ከወጣ ምን ሊል ነው?

አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ሪከንባከር አየር ማረፊያ አጠገብ መጋዘን ነው የሚሠራው። ከሥራ ሲመለስ ለመንኩት፤ ሜትሩን አውጥቶ ከቤቱ ፊት ያለው መንገድ ላይ አርባ ሜትር ለካና ጫፍና ጫፉን በጠመኔ አሰመረልኝ።

«ዶክተሩ ነው ያዘዘልዎት?»

«አዎ» አልኩት። ለሱ ምን ብዬ አስረዳዋለሁ።

«ጎበዝ እማማ!»

ጀመርኩ። ሠላሳ ላይ ቀኝ ጉልበቴ ያዘኝ። ሃምሳ ላይ የጎረቤቱን የፖስታ ሣጥን ተደግፌ ተነፈስኩ፤ ቁጥሩ እንዳይጠፋኝ ጣቴን ይዣለሁ። እግሬን ለመዘርጋት ሞከርኩ፤ አልዘረጋ አለኝ። ሰባ ሁለት ስል ቆምኩ። መስመሩ ገና ከፊቴ ነበር።

«ትንሽ እኮ ነው የቀረዎት» አለ አማቼ ሜትሩን እየጠቀለለ። «ይቀጥሉ እንጂ።»