በየአርቡ ገጼን የሚያየው ሰው

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምሠራበት አስመጪ ድርጅት ሲዘጋ፣ ቤቴል የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ተስፋዬን ሁሉ ቀጣሪና ተቀጣሪ በሚገናኙበት ድረ ገጽ ላይ ጣልኩ። ለማይመልስልኝ ሰው ሁሉ የትምህርት ማስረጃዬን እየላክኩ ወራት አለፉ። አርብ አርብ ግን አንድ መልእክት ይመጣል፤ በግንባታ ሥራ ላይ ያለ አንድ ሰው ገጽሽን አይቷል ይላል። ማን እንደሆነ ለማወቅ የሚከፈልበት አባል መሆን ያስፈልጋል።

እንዲህ ደጋግሞ የሚያየኝ ሊቀጥረኝ ቢያስብ ነው አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ክፍያው በዶላር ስለሆነ የእኛ ካርድ አይሠራም። ዱባይ የምትሠራውን የአክስቴን ልጅ ለመንኳት። «በዚህ ብር አስቤዛ አትገዢበትም?» አለችኝ፤ እያጉረመረመችም ቢሆን ከፈለችልኝ።

ገጹን የከፈትኩት ከአየር ጤና ወደ ኮልፌ፣ ወደ አባቴ ቤት ስሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። የሚያየኝ ሰው ፎቶው ላይ ቢጫ የሥራ ቆብ አድርጎ ይስቃል። ወንድሜ ነው። መሐንዲስ ነበር፤ ከሚያሠራው ፎቅ ላይ ወድቆ ከሞተ ዓመት አልፎታል።

«ወራጅ» ማለት አቅቶኝ ፌርማታዬን አለፍኩ። የተማርኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ ግን ለዚያች ቅጽበት ካለበት ሆኖ ያየኛል ብዬ አመንኩ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁም ደስም አለኝ።

አባባ ከጁምዓ ተመልሰው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ወርዷል፣ በእጃቸው የወንድሜን ስልክ ይዘዋል። እኔ ከቀብሩ ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ተዘግቶ የተቀመጠ ነበር የሚመስለኝ።

«አባባ፣ ይሄን እርስዎ ነዎት የሚከፍቱት?»

«አዎ። ሰዎች ይጽፉለታል» አሉ፣ ምንም ሳይደነግጡ። «ሰላም ያለን ሰው ዝም ይባላል እንዴ? በጣቴ እየለቀምኩ እመልስላቸዋለሁ። ከዚያ አንቺን አይሻለሁ። እዚህ ያለው ፎቶሽ ላይ አምሮብሻል።»

ስልኩን ተቀብዬ አነበብኩ። ድረ ገጹ ወንድሜ ሥራ የጀመረበትን ቀን አስታውሷቸው፣ መሞቱን ያልሰሙ ሰዎች እንኳን ደስ አለህ ብለውታል። አባባ ለእያንዳንዳቸው «አልሐምዱሊላህ፣ እናንተም ሰላም ሁኑ» ብለው መልሰዋል። ከሥር አንድ የሥራ ተቋራጭ ልምድ ያለው የሳይት መሐንዲስ እንደሚፈልግ ጽፎ፣ እንገናኝ ብሎታል። ወንድሜ ለዚህ ገጽ አንድም ሳንቲም ከፍሎ አያውቅም። እኔ ተከፍሎልኝም አንድ ሰው እንኳ እንደምን አለሽ አላለኝም። በሞተ ወንድሜ ቀናሁ። እንዲህ መቅናቴ እስከ ዛሬ ያስጠላኛል።

ለተቋራጩ አባባ የጻፉት አጭር ነበር፤ «ለጊዜው የለም።» ሰውየውም ሲመለስ ይደውልልን ብሏል።

«ሞቷል ብዬ ልጽፍ ነበር» አሉ ዓይኔን ሳያዩ። «እጄ እምቢ አለኝ።»

ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ። እንዲህ ሰው እየጠበቀው እንዴት ይሆናል፣ ገጹን እንዝጋው አልኳቸው። እንዳልሰሙኝ ሆኑ። አባባ ያልወደዱትን ነገር ሲነግሯቸው ልማዳቸው ይሄው ነው። እኔም ወሬ ለመቀየር ብዬ ስለ ራሴ አነሳሁ፤ በአክስቴ ልጅ ገንዘብ አባል መሆኔን፣ እስካሁን ምንም እንዳላገኘሁ፣ ለሚቀጥለው ወር ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ ብዬ መቸገሬን ነገርኳቸው።

«መክፈሉ ምን ይጠቅማል?»

«የከፈለ ሰው ከፊት ይቀመጣል አባባ። ሰዎች ቶሎ ያገኙታል፣ አይረሱትም።»

ስልኩን ከእጄ ወስደው መስታወቱን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ወንድሜ ከነቆቡ ይስቃል። ብዙ ሲያዩት ቆዩ።

«እንግዲያው» አሉ፣ «ለእሱም ክፈይለት።»