ለግራ ክንፍ የተላከ ሽማግሌ

ኳስ እንጀራ አይሆንም እያልኩ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ዛሬም ሐሳቤን ብዙ አልለወጥኩም። ነገር ግን የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ በተደረገበት ዓመት፣ እኔው ራሴ ስለ ኳስ ሽማግሌ ሆኜ ረጅም መንገድ ሄጃለሁ። ያንን ጉዞ ሌሎች ሲያወሩት እየሰማሁ ኖርኩ። አንዱ ያሳምረዋል፣ አንዱ ያከፋዋል። የነበረው እንደሚከተለው ነው።

ሶዶ ከተማ ውስጥ አናጢ ነበርኩ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ላይ ነው፤ አማርኛንም ከዚያው መጽሐፍና ከደንበኞቼ አፍ ለቀምኩት። የሥራ ቤቴ ከአንድ የጉራጌ ነጋዴ ሱቅ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነበር። ነጋዴው ሬዲዮ ነበረው። የባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅበት ከዜናና ከኳስ በቀር አይከፍተውም፤ ሲከፍተው ግን በረንዳው ላይ ያወጣውና መንገዱ በሰው ይዘጋል።

ክርክሩ የሚጀመረው ሬዲዮው ከተዘጋ በኋላ ነው። ለዋንጫው ማን ይመረጥ፣ ማን ይቅር፣ ማን በማን ቦታ ይግባ ይባላል። የመንግሥት ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ አለ፤ እርሱ ሁልጊዜ ቆሞ ነው የሚናገረው። አንድ ወፍራም ልብስ ሰፊ አለ። በገበያ ቀን ደግሞ ከጉኑኖና ከሻንቶ የመጡ ሰዎች ባዶ ጆንያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ይቆማሉ። አንዱ፣ የአስመራዎቹ ልጆች ኳስ ይዞ ማቆየት ያውቃሉ፣ እነርሱ ይብዙ ይላል። ሌላው፣ የአዲስ አበባዎቹ ይሮጣሉ፣ ዋንጫ የሚገኘው በሩጫ ነው ይላል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ከሚመላለሰው ነጋዴ በቀር አንዱንም ተጫዋች በዓይኑ ያየ አልነበረም። ላላዩት ሰው ግራ እግር ይጣላሉ፣ ላላዩት ሰው ራስ ምታት ያዝናሉ።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊው በረኛውን አነሳ።

«ቀጭን ነው አሉ። ቀጭን ሰው እንዴት አድርጎ በር ይዘጋል?»

«አንተ ወፍራሙ ምን ዘጋህ?» አለው ነጋዴው። «ትናንት የሰው ፍየል በበርህ ገብታ ጨርቅህን ስትበላ አላየንም?»

ያላዩትን ሰው ማመስገንም ማማትም ኃጢአት ነው እያልኩ በግድግዳው በኩል እቆጣቸው ነበር። እነርሱም ለጊዜው ዝም ይሉልኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ክርክሩ ሲጦፍ መላጊያዬን ቀስ አድርጌ ነበር የምገፋው፤ ድምፁ ክርክሩን እንዳይጋርድብኝ።

የመጀመሪያ ልጄ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ጋራዥ ሊሠራ አዲስ አበባ ሄደ። ጋራዡ የኳስ ቡድን ነበረው። ሥራውን አላማረረም፣ ደብዳቤም አላበዛም። ዓመታት አለፉና በመስከረም ነጋዴው ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሱቁን ሳይከፍት ወደ እኔ መጣ። ልጄ ለብሔራዊ ቡድኑ ለልምምድ ከተጠሩት አንዱ እንደሆነ፣ ግራ ክንፍ ሲጫወትም እንዳየው ነገረኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ከዚያ ቀን ወዲህ በረንዳው ላይ ስለ በረኛውም ስለ ተከላካዩም ይከራከሩ ነበር፤ ስለ ግራ ክንፍ ግን የሚከራከር ጠፋ። ግራ ክንፍ የሶዶ ሆነ።

በኅዳር ልጄ ወደ ቤት መጣ። ዕረፍት ሰጥተውኝ ነው አለ። እኔ ዘንድ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ስለሌለ በማግስቱ መላጊያ ያዘ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የተመረጡት ስም በሬዲዮ ተነበበ። የእርሱ ስም አልነበረም። አስተማሪው እንደ ቆመ ቀረ። ልጄን ሲጠይቁት ከረዳት አሰልጣኙ ጋር እንዳልተግባባ ብቻ ተናግሮ ወደ ሳንቃው ጎንበስ አለ።

በእኛ አገር ሰው ከማዕድ የሚቀረው ሲጣላ ነው። የሚችል ሰው ተጠርቶ ሳለ ከቀረ፣ ሌላ ምክንያት አይፈለግለትም። ስለዚህ ነገሩ ለበረንዳው ሰው ሁሉ ቀላል ሆነ። ጠብ አለ፤ ጠብ ካለ እርቅ አለ፤ ለእርቅ ደግሞ ጭማ፣ ማለትም ሽማግሌ ይላካል። ለልጄ ይህ ተስፋ ነበር። ሲመክሩ እየሰማ አልከለከላቸውም። ያንን ቦታ እንዴት እንደሚመኘው እኔ ከዝምታው አውቅ ነበር።

የሻንቶ ሰው የሆኑ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን አዛውንት ተመረጡ። ስንት የመሬትና የጋብቻ ጠብ ያበረዱ ሰው ናቸው። አስተማሪው አዲስ አበባ ስለተማረ አብሮ እንዲሄድ ሆነ። ሦስተኛው እኔ እንድሆን የፈለገው አስተማሪው ነው። አዛውንቱ አልወደዱትም።

«አባት ለልጁ ሽማግሌ አይሆንም» አሉ። «አባት ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሥርዓቱ ይህ ነው።»

አስተማሪው፣ የከተማ ሰው ሽበት ያራራው እንደሆነ እንጂ ሥርዓታችንን አያውቅም ብሎ ተከራከረ። በመጨረሻ አዛውንቱ ተሸነፉ። ዛሬ ሳስበው እውነቱ ከእርሳቸው ጋር ነበር።

ለይቅርታ የሚሄድ ሰው እርጥብ ሳር ይይዛል። ሳሩ ደርቆ ከደረሰ ልመናውም ደረቀ ይባላል። ስለዚህ አዛውንቱ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የታጨደ ሳር በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ በጭነት መኪና እስከ ሻሸመኔ፣ ከዚያም በአውቶቡስ እስከ አዲስ አበባ፣ መኪናው በቆመ ቁጥር እየወረዱ ውሃ እየረጩ ሄዱ። አንድ ተሳፋሪ ሳቀና፣ አዲስ አበባ የሚጠብቅዎት በግ አለ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። «ከበግ የሚከብድ ሰው አለ» ብለው መለሱለት። ሌላው ስጦታችን አንድ ቅል ቅቤ ነበር።

ረዳት አሰልጣኙን ያገኘነው ልምምድ ሲያበቃ በሜዳው ዳር ነው። ትሕትና ያለው፣ የደከመው ሰው ነበር። አግዳሚ ወንበር አሳይቶ ተቀመጡ አለን። አዛውንቱ ሳሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ፤ እኛም ቆምን።

«ይቅር ብያለሁ ሳይሉን አንቀመጥም» አሉ።

ሰውየው ግራ ገባው። ማንን ይቅር እንደሚል ጠየቀ። የልጄን ስም ነገርነው። ከእርሱ ጋር ጠብ የለኝም፣ ልጁ ጨዋ ነው አለ። እኛ ግን ይህን ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! የተበደለ ሰው መጀመሪያ ምንም አልሆንኩም ይላል፤ ቅሬታው የጠለቀ እንደሆነ ደግሞ በጣም ምንም አልሆንኩም ይላል። ሰውየው ጠብ የለም ባለ ቁጥር አዛውንቱ ጠቡ ከባድ ነው ብለው ይበልጥ አጎነበሱ። አስተማሪው ስለ ወጣትነት ስሕተት ተናገረ። አዛውንቱ፣ ልጁ ተሳድቦም ከሆነ ምላሱን እኛ እንቀጣለን አሉ። ሰውየው ልጁ ምን እንዳለው ለማስታወስ እስከ መሞከር ደረሰ። ተጫዋቾቹ ከሩቅ ቆመው ያዩናል። በመጨረሻ ትከሻውን ጣል አድርጎ፣ «እሺ አባቴ፣ ምንም ቢያደርገኝ ይቅር ብያለሁ። እባካችሁ ተቀመጡ» አለ። አዛውንቱ ሳሩን መሬት ላይ አነጠፉ፣ መረቁት፣ ተቀመጥን።

ያኔ ነው ነገሩን የሰማነው። ልጄ የቀረው በቀኝ ጉልበቱ ነው። በመስከረም መጨረሻ በልምምድ ላይ ጭቃ አንሸራቶት ተጣሞበት ኖሯል። አገርህ ሄደህ ዕረፍ ተብሎ የተላከውም ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ድኛለሁ ብሎ ልኮላቸዋል። እነርሱ ግን ሳያዩ አላመኑም። ደግሞ ከተመረጡት አንዱ ታሞ ስለነበር ቦታው ገና ክፍት ነው።

«በእውነት ድኖ ከሆነ በዚህ ሳምንት ይምጣ» አለ ሰውየው።

«ድኗል» አለ አስተማሪው ሳይዘገይ። «እኛ ምስክር ነን።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። «አባቱ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እርስዎ በየቀኑ ያዩታል። ድኗል?»

መላጊያ የሚገፋ ሰው በክንዱ ብቻ አይገፋም። ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ በሙሉ ሰውነቱ ይገፋል። ልጄን ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከመጣ ጀምሮ ግን ሁለት እግሩን ገጥሞ በክንዱ ብቻ ሲገፋ አይ ነበር። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ እርሱም አልነገረኝም፤ በእኛ ቤት ሕመም አይወራም ነበር። ሰውየው ሲጠይቀኝ ሁለቱም ነገር ፊት ለፊቴ ቆመ፤ ልጄ ያን ቦታ እንዴት እንደሚፈልገውና በጠዋት ከአልጋው ጠርዙን ይዞ እንዴት እንደሚነሣ።

«አልዳነም» አልኩ። «ጉልበቱን ማጠፍ አይችልም።»

ሰውየው አመሰገነኝ። ቅቤውን አልቀበልም ሊል ነበር፤ አዛውንቱ ግን እርቅ ተፈጽሟል፣ ቅቤው የእርቁ ነው ብለው አስያዙት።

በመልሱ ጉዞ አስተማሪው ከእኔ ርቆ ተቀመጠ። አዛውንቱ ግን ጎኔ ነበሩ። ሽማግሌ ቁስል ይሸፍናል እንጂ አይገልጥም፣ እኔስ አባት አይሂድ ያልኩት ለዚህ አይደለም ወይ አሉኝ። ቁስሉን ሸፍነን ብንልከው በሁለተኛው ቀን ሜዳ ላይ ይገለጥ ነበር ብዬ መለስኩ። «ቢገለጥስ» አሉ፣ «ሜዳው ይግለጠው እንጂ አባቱ?» ጥያቄያቸውን እስከ ዛሬ አመላልሰዋለሁ። ውሸት ውሸት እንደሆነ ብቻ ነው የማውቀው።

ከሰው ሳይሰማ ራሴ ልንገረው ብዬ ከመኪና ወርጄ በቀጥታ ወደ ሥራ ቤቴ ሄድኩ። ሳንቃ ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት።

«ቦታው ክፍት ነበር?» አለኝ።

«ክፍት ነበር።»

መላጊያውን እንዳስተማርኩት ምላጩ እንዳይጎዳ በጎኑ አስተኛው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አባባ፣ ያችን አንዲት ቃል ለእኔ ብለው ቢናገሯት ምን ነበር?»

«ዋሹልኝ ብለህ ጠይቀኸኝ ቢሆን ያኔውኑ እንቢ እልህ ነበር» አልኩት።

በዚያው ዕለት ቦምቤ ወደሚገኘው አጎቱ ቤት ሄደ፤ ገናንም እዚያው አሳለፈ። እናቱ ለእኔ ቦይናውን ቀቅላ ከበርበሬ ዳጣ ጋር አቅርባ ትወጣለች እንጂ አብራኝ አትቀመጥም ነበር። በረንዳው ላይ የነበረው ክርክርም እኔ ስመጣ ይቆማል፤ በግድግዳው በኩል መቆጣቱን ተውኩ፤ ማንም የሚሰማኝ አልነበረምና። ለልጆቼ እውነት ዋጋ ያስከፍላል እያልኩ ስሰብክ ኖሬ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ሲሆን እንዴት እንደሚሆን ግን ሰብኬ አላውቅም።

የመጨረሻው ጨዋታ በጥር ከሰዓት በኋላ ነበር። ሶዶ ሁሉ በነጋዴው በረንዳ ላይ ተከመረ። እኔ በሥራ ቤቴ በር ቆሜ ነበር። ከሕዝቡ ኋላ ልጄን አየሁት፤ ከቦምቤ መጥቷል። ሰዎች አግዳሚ ላይ ቦታ ለቀቁለት። ቡድናችን አንዴ ወደ ኋላ ይቀራል፣ አንዴ ይደርሳል። ከዚያ ጭማሪ ሰዓት ሆነ። በመሐል ግራ ክንፉ ኳስ አምልጣው ወደ ውጭ ወጣችበት ብሎ ሬዲዮው ተናገረ።

«የእኛ ልጅ ቢሆን አትወጣም ነበር!» አለ አስተማሪው፤ ዓይኑ ወደ እኔ ነው። ሌሎችም ወደ እኔ ዞሩ።

«ትወጣ ነበር» አለ ልጄ።

ወደ እኔ የዞሩት ሁሉ ወደ እርሱ ዞሩ።

«ያችን ኳስ የሚያገኛት በቀኝ እግሩ የሚዞር ነው። እኔ በቀኝ እግሬ መዞር አልችልም። ጋሼ፣ በዚህ ጉልበት ኳስ አይደለም ደረጃም አልወጣም። ቦታው የልጁ ነው፤ ተዉለት።»

አስተማሪው ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ነጋዴው ግን ዝም በል፣ ሬዲዮውን እንስማ አለው። ጥቂት ቆይቶ ጎል ገባ፤ ከዚያ ሌላ። አገር አሸነፈ። ሰው ሁሉ እየጨፈረ ወደ መንገዱ ፈሰሰ፤ ልብስ ሰፊው ያን ሲያማው የከረመውን ቀጭን በረኛ እያወደሰ ከሁሉ ቀድሞ ሮጠ። ልጄ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያጨበጭብ ነበር።

በረንዳው ባዶ ሲሆን አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። እርሱ ነው የቀደመኝ።

«አባባ፣ ነገ ሐኪም ቤት ይውሰዱኝ።»

«እወስድሃለሁ» አልኩት።

እጄን ይዞ ተነሣ። ወደ ቤት ስንሄድ እያነከሰ ነበር፤ ከሰው አልደበቀውም። እኔም እርምጃዬን ከእርሱ እርምጃ ጋር አስተካክዬ አዘገምኩ።