መምህር አዱኛ ያልረሱት ፓስወርድ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ንስሐ ስገባ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። ነፍስ አባቴ ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃሉ እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። ውሸትን ለማወቅ ኮምፒውተር ማወቅ ያስፈልጋል እንዴ?

ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ነገሩ የሆነው ሱቁን በከፈትኩ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ያን ጊዜ አንድ ልማድ ነበረኝ። ለጥገና የገባን ላፕቶፕ ሁሉ፣ ጎረቤቶቼ ፊልም እንዳያዩበት፣ በራሴ ፓስወርድ እቆልፈዋለሁ፤ ባለቤቱ ሲመጣ አጠፋዋለሁ። ባዮስ ፓስወርድ የሚባለው ነው። ማሽኑ ገና ሲነሳ ይጠይቃል፤ ካላወቁት ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም።

መምህር አዱኛ ሒሳብ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ከሃያ ዓመት በፊት ያስተማሩትን ተማሪ መንገድ ላይ ሲያገኙ እስከ አያቱ ስም ይጠሩት ነበር። አገሩ ሁሉ በዚህ ያደንቃቸዋል፤ እሳቸውም መደነቁን አይጠሉም። ታዲያ ላፕቶፓቸውን ከአቧራ አጽድቼ ስመልስላቸው ፓስወርዴን ማጥፋት ረሳሁ። እንደበራ ስለወሰዱት ወዲያው አልጠየቃቸውም። የጠየቃቸው በሦስተኛው ቀን፣ ባትሪው አልቆ እንደገና ሲያስነሱት ነው።

ይዘውት መጡ። የተማሪዎቻቸው ውጤት በሙሉ ውስጡ ነበር፤ ያስጨነቃቸው ግን እሱ አልነበረም። አባታቸው አንበሳሜ ከተማ፣ ማስታወስ አቅቷቸው የገዛ ልጆቻቸውን ሳይለዩ መሞታቸውን ነገሩኝ። እንዲህ ያለው ነገር በዘር ይመጣል ሲባል ሰምተዋል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«እኔ ነኝ ይህን የቆለፍኩት?»

ስክሪኑን እንዳየሁ ገብቶኛል። የቆለፍኩት እኔ፣ የረሳሁትም እኔ። ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ለምን አላልኩም? ፈራሁ። ከተማው ትንሽ ነው፤ የሰው ዕቃ ይቆልፋል፣ የሰው ሚስጥር ያያል ከተባልኩ ማን ይመጣል አልኩ። ፈራሁና ዋሸሁ።

«አንቱ ነዎት እንጂ፤ ሌላ ማን ይነካዋል? ረስተውት ነው» አልኳቸው።

ቃል በቃል ያልኩት ይህን ነው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

ማሽኑን ከሱቄ መጋረጃ ጀርባ ወስጄ ፓስወርዴን ጻፍኩ። በአንዴ ተከፈተ፤ እኔም ፓስወርዱን አጠፋሁት። ወዲያው መውጣት ግን አልቻልኩም፤ የተረሳ ፓስወርድ ማስለቀቅ ከባድ ሥራ መምሰል ነበረበት። ክዳኑን ፈታሁ፤ ሳንቲም የምታህለውን ባትሪ አውጥቼ መልሼ ከተትኩ፤ ብሎኑን ቀስ እያልኩ አጠበቅኩ። ግማሽ ሰዓት አስጠበቅኳቸው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ምን ያስቡ ነበር? ስወጣ «እግዜር አእምሮህን ይጠብቅልህ» ብለው መረቁኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁልፍ ያስቀመጥኩበት ቦታ በጠፋብኝ ቁጥር እደነግጣለሁ።

እሳቸው ደግሞ ሰውን በስሙ መጥራት ተዉ። እንዳይሳሳቱ ፈርተው ለሁሉም «ጤና ይስጥልኝ ልጄ» ብቻ ሆነ። ክፍል ገብተው፣ ይህን ትናንት አስተምሬያችኋለሁ ወይ እያሉ ተማሪዎቻቸውን ይጠይቁ ጀመር። ጡረታቸው ሳይደርስ ማስተማሩን ለቀቁ። ሰው፣ ታመው ነው አለ። እውነት ታመው ነበር? ወይስ ያሳመምኳቸው እኔ ነኝ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ የምፈራውም መጥራቱን ነው።

ባለፈው ክረምት ሱቄ መጡ። ከኮታቸው ኪስ አንድ ደብተር አወጡ። ከዳር እስከ ዳር በቃላት ተሞልቷል፤ የልጆቻቸው ስም፣ የእናታቸው ስም፣ የተወለዱበት መንደር፣ የክርስትና ስማቸው። ረሳሁት ያሉትን ፓስወርድ ይህን ሁሉ ዓመት ሲፈልጉ ኖረዋል። ቢያገኙት ጭንቅላታቸው ደህና መሆኑን ሊያምኑ ነው።

«ከነዚህ ውስጥ የትኛው ነበር ልጄ?»

ገጹን እየገለጥኩ አነበብኩ። ፓስወርዱ እዚያ ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም፤ የኔ እናት ስም ነው። አሁንም ፈራሁ። አንዴ ከጠፋ አይታወቅም አልኳቸው። አመስግነውኝ ወጡ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ፈርቼ ነው ብዬም አላመካኝም። እሳቸውም ፈርተው ነበር፤ ግን ፍርሃታቸውን በሌላ ሰው ላይ አልጫኑም። ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ዛሬ ጧት በደጃቸው ሳልፍ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይጽፉ ነበር። አዲስ ደብተር ጀምረዋል። ጤና ይስጥልኝ ብያቸው አለፍኩ።