ስድስትም ዘጠኝም የምትሆነው ቆርቆሮ

በማደያው በር ላይ የናፍጣና የቤንዚን ዋጋ በቆርቆሮ ቁጥር ይሰቀላል። ቁጥሮቹ ድሮ ተሟልተው የመጡ ነበሩ። ኋላ አንዳንዱን ነፋስ ወሰደው፣ አንዳንዱን ዝገት በላው፣ ለናፍጣው የመጨረሻ ቦታ የቀረችው አንዲት ቆርቆሮ ናት። ቀጥ ስትል ስድስት፣ ስትገለበጥ ዘጠኝ ትሆናለች። ዋጋው ስምንት ላይ ቢያርፍ እንኳ የሚሰቀል ስምንት ስለሌለ ባለ ማደያው ወደ ዘጠኝ ያስጠጋዋል። ወደ ስድስትም ማስጠጋት እንደሚቻል ያነሳበት ሰው የለም።

መሰላሉን ተሸክማ፣ ሚስማሩን በከንፈሯ ነክሳ ይህቺን ቆርቆሮ የምትገለብጠው ነዳጅ ቀጂዋ ናት። የከተማው ሰው “እመት መንገዱ” ይላታል። ይህን ስም ያወጣላት የገዛ ምላሷ ነው። አንዱ መኪናውን አቁሞ መስታወቱን ዝቅ ያደርግና ይጀምራታል።

“እመት መንገዱ፣ ታች ከተማ እኮ ናፍጣው ከዚህ ይረክሳል። ምን ብንበድል ነው?”

“መንገዱ ነው።”

“ቤንዚኑስ?”

“እሱም መንገዱ ነው።”

“ሚስቴ ያኮረፈችኝስ?”

“እሱ እንኳ የራስህ ጥፋት ነው። ሞተሩን አጥፋ፣ ልቅዳበት።”

ሰው ይስቃል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ይህ ነው የሚያበግነው፤ ስቆ መክፈሉ።

እሷ ግን ከልቧ ነበር የምትለው። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ራት ሲቀርብ ጨዋታው ሁሉ መንገድ ነው፤ መንገዱ ጎማ በላ፣ መንገዱ ባሌስትራ ሰበረ፣ መንገዱ ፍሬን ጨረሰ። ልጅ ሆና ጫማ ብትጠይቅ እናቷ “የአንቺን ጫማ ዘንድሮ መንገዱ በላው” አለቻት፣ እሷም እሺ ብላ ተኛች። አድጋ ማደያው ስትገባ፣ የፈሰሰ ዘይት በአሸዋ ከማጽዳት ጀምራ የመቅጃውን ቧንቧ እስክትይዝ ድረስ፣ ነዳጅ ጫኙ ቦቴ ከታች ከተማ ጠመዝማዛውን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ ታይ ነበር። ለታች ከተማ አራግፎ፣ ደክሞት፣ ጭሱን እየተፋ ነው እነሱ ዘንድ የሚደርሰው። ታዲያ ናፍጣው ቢወደድ ምን ይገርማል?

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር፣ ከእህቷ ዳቦ ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት ይህቺው እህቷ ናት፤ አንቺ ብትላትም “እትዬ” ሳትል አትጠራትም። ግድግዳቸው ከምድጃው ጋር አንድ ስለሆነ በብርድ ጊዜ እንኳ ጀርባቸው ይሞቃል። ምድጃው የሚነደው በናፍጣ ነው። እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን ታች ከተማ የተጋገረ ዳቦ በፕላስቲክ ሳጥን ተደርድሮ በመጀመሪያው ሚኒባስ እየመጣ፣ ሙቀቱ ሳይለቀው፣ ከእህቷ ዳቦ ባነሰ ዋጋ ይሸጥ ጀመር።

“ቅዳሜ ምድጃውን የሚያይ ገዢ ይመጣል” አለች እህቷ አንድ ጧት፣ የሊጡን ጠረጴዛ እየፋቀች።

“ታዲያ በምን ልትጋግሪ ነው?”

“አልጋግርም። የታች ከተማን ዳቦ ተቀብዬ እቸረችራለሁ። ናፍጣ ቤት ሲያቃጥል ሰምቻለሁ፤ ናፍጣ እሳት ሲያጠፋ ግን ያየሁት በእኔ ነው። ለዚያውም በእህቴ እጅ።”

“እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? መንገዱ እኮ ነው።”

“ይሄን መንገድ አንድ ቀን አንገቱን ባገኘሁት!”

ነዳጅ ቀጂዋ ዳቦዋን በኪሷ ከትታ ወጣች። አልበላችውም።

የዚያኑ ዕለት ቦቴ መጣ። ሹፌሩ አዲስ ነው፤ ወሬ ይወዳል። ከመሬት በታች ባለው ታንክ አፍ ላይ ቱቦውን አጋጥመው ናፍጣው ሲንደቀደቅ ቆመው አወሩ። ትንሽ ቆይቶ ሹፌሩ ሄደና መዝጊያውን አጠበቀው።

“ምነው? ገና አልሞላም እኮ” አለችው።

“የእናንተ ይሄው ነው። የቀረው የታች ከተማ ነው፤ ዛሬ አንድ ላይ ጫኑኝ። ቶሎ በይ እመት፣ ቁልቁለቱን በቀን ልጨርሰው።”

“ከዚህ ነው እንዴ ታች ከተማ የምትወርደው?”

“በየት ልውረድ? በሰማይ?”

ቦቴዎቹ የሚጭኑበት የነዳጅ ዲፖ ከታች ከተማ ወንዝ ማዶ ተነስቶ ከላይ፣ ከተራራው ጀርባ ከተተከለ ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ቦቴ ሁሉ የሚመጣው በላይ በኩል ነው። ይህን ዓይኗ ሲያይ ነው የኖረው፤ አፏ ግን የለመደውን ይል ነበር። አሁን ቱቦውን እንደያዘች ቀረች። አንድ ቦቴ፣ አንድ ናፍጣ። እዚህ ሲወርድ ውድ፤ ጠመዝማዛውን ጨርሶ፣ ፍሬኑን በልቶ ታች ሲደርስ ርካሽ።

“ኧረ ቱቦዬን ልቀቂልኝ” አለ ሹፌሩ።

ባለ ማደያው ከሰዓት በኋላ መጥቶ በጥላው ሥር የፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፣ ስትታመም ሐኪም ቤት በራሱ መኪና ወስዷታል። ሌባ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ሌባ ላይ ቢያንስ ይጮኻል።

“ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቦቴው እኛ ጋ ቀድሞ ደርሶ ነው ታች የሚወርደው። የእኛ ለምን ይወደዳል?”

ሳይደነግጥ አያት። ሲጠብቀው የቆየ ጥያቄ ይመስል ነበር።

“ታች ሦስት ማደያ ፊት ለፊት ተፋጠው ቆመዋል። አንዱ ሲቀንስ ሌላው ካልቀነሰ ጦሙን ያድራል። እዚህ እኔ ብቻ ነኝ። የምሸጠውም ጥቂት ነው፤ የመብራቱም ሒሳብ፣ የዘበኛውም፣ ያንቺም ደሞዝ በዚያች ጥቂት ላይ ነው የሚወድቀው።”

“የጨመሩት ሁሉ ለደሞዝ ነው?”

“አይደለም” አለ። ይህን ያህል እውነተኛ ነው። “ዋጋ ስቆርጥ የማስበው አንድ ነገር ነው። አንድ ሰው ለብቻው ታች ወርዶ፣ ቀድቶ ለመመለስ ምን ያህል ያቃጥላል? ጭማሪዬን ከዚያ ትንሽ ዝቅ አደርገዋለሁ። ሰው ያማርራል እንጂ አይወርድም።”

“እኔ መንገዱ ነው እያልኩ ስለፈልፍ ይሰሙኝ ነበር አይደል?”

“እሰማ ነበር።”

“ለምን ዝም አሉ?”

“እኔ በይ ብዬሽ አውቃለሁ? አፉ ያንቺ ነው ልጄ።”

እውነቱን ነው። አላላትማ። ከደሞዟ ውጪ አንዲት ቤሳ ሳትቀበል፣ በአባቷ ድካም እየማለች፣ የሰውየውን ኪስ ስትጠብቅለት ኖራለች። እንዲህ ያለ ጠበቃ በነጻ የት ይገኛል?

ማታ ዳቦ ቤት ስትገባ እህቷ የምድጃውን ሆድ በመጥረጊያ እየጠረገች ነበር፤ ገዢው ንጹሕ ሆኖ እንዲያገኘው።

“እትዬ፣ መንገዱ አይደለም።”

“ምኑ?”

የሰማችውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻት። እህቷ መጥረጊያዋን እንደያዘች አዳመጠች፣ አዳመጠችና ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ።

“ይሄን ሁሉ ዘመን፣ እዚሁ እየበላሽ፣ ይሄን ስታበይኝ?”

“አዎ። ስደቢኝ፣ ግን በኋላ። አሁን ስሚኝ። ሰውየው የቆረጠው ለብቻሽ እንደምትወርጂ አስቦ ነው። ለብቻሽ ከሆነ ልክ ነው፣ አያዋጣም። ከሌላ ሰው ጋር ሆነሽ ብትወርጂስ?”

“ከማን ጋር? እዚህ አገር ከማማረር ሌላ በኅብረት የሚሠራ ነገር አለ?”

“ጋሽ ዱቄት ፒካፕ አላቸው።”

ጋሽ ዱቄት የሚሏቸው ባለ ወፍጮውን ነው፤ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ስለሆነ። የወፍጮው ሞተር ናፍጣ ጠጪ ነው። ከወፍጮው ቀጥሎ በጄኔሬተር የሚሠራው የእንጨት ሥራ ቤት አለ። ሁሉም ማደያው ላይ በየተራ ያጉረመርማሉ፤ አንድ ላይ ሆነው ግን አጉረምርመው አያውቁም። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሰውየውን ያበለጸገው ዳገቱ ሳይሆን ይህ ነው።

በማግስቱ እህትማማቾቹ ወፍጮ ቤት ሄዱ። ጋሽ ዱቄት ሞተሩን አጥፍተው ሰሟቸው።

“እኔ በርሜል አለኝ፣ መኪናም አለኝ” አሉ። “ያልነበረኝ ነገር እናንተ ናችሁ። ደግሞ አንቺ፣ እመት መንገዱ፣ ሥራሽን ብትለቂ በወፍጮዬ ቦታ የለኝም፤ ቀድሜ ልንገርሽ።”

“ማን ቦታ ጠየቀዎት? እንደ እርስዎ ነጭ መሆንም አያምረኝ።”

እንጨት ሠሪውም ተጨመረ። ዓርብ ዕለት ፒካፑ በርሜሎቹን ጭኖ ወረደ፤ የሦስቱን ቤት ናፍጣ ይዞ ወጣ። የመሄጃው ወጪ ለሦስት ሲከፈል ለካ ይህን ያህል አያስፈራም። ቅዳሜ ገዢው ሲመጣ ምድጃው ግሎ ስለነበር መንካት አልቻለም። እህቷ ትኩስ ዳቦ ሰጥታ ሸኘችው።

ነዳጅ ቀጂዋ ደግሞ ሥራዋ ላይ ናት። መስታወት ዝቅ አድርጎ ለምን ተወደደ ለሚል ሁሉ፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ “ከእኛ ሌላ ማደያ ስለሌለና ለየብቻችሁ ስለሆናችሁ ነው” ትላለች። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ሳቁን መሐል ላይ ያቆማል።

ሁለተኛው የፒካፕ ጉዞ ሲመለስ ባለ ማደያው ከወንበሩ ተነስቶ በርሜሎቹን በዓይኑ ሸኘ። ከዚያ ወደ እሷ መጣ።

“አንቺ ነሽ?”

“እኔ ነኝ ጋሼ።”

“እንጀራሽ ላይ እኮ ነው የተናገርሽው።”

“በይም አትበይም አላሉኝም። አፉ የእኔ ነው።”

እሷ እጇን በጨርቅ ጠረገች፤ የሚመጣውን ለመቀበል እጅ ንጹሕ መሆን ያለበት ይመስል። ሊያባርራት ይችል ነበር፤ አስቦበትም ይሆናል። ግን እሷን ማባረር ሦስቱን ደንበኞች እንደማይመልስ ለማወቅ የዋጋ ጭንቅላቱ ይበቃል።

“መሰላሉን አምጪ” አለ በመጨረሻ። “ቆርቆሮዋን ገልብጫት።”

አሁንም ከታች ከተማ ትንሽ ይበልጣል። በርሜል ጭኖ መውረድ እንዳያዋጣ ያህል ብቻ ነው ዝቅ ያለው፤ ሰውየው ሒሳቡን አልረሳም። ለዚህም ነው ጋሽ ዱቄት ባዶዎቹን በርሜሎች ወደ ጓዳ ያላስገቧቸው፤ ከማደያው ወንበር በቀጥታ በሚታየው አጥር ሥር አጥበው ደርድረዋቸዋል።

እሷ መሰላሉ ላይ ወጥታ ሚስማሩን በከንፈሯ ነከሰች። ዘጠኟን አውልቃ ገለበጠቻትና ሰቀለቻት። አንድ ሚኒባስ ከሥሯ ቆሞ ሹፌሩ አንገቱን አወጣ።

“እመት መንገዱ! ምን ተገኘ? መንገዱ አጠረ እንዴ?”

ሚስማሩን መትታ ጨረሰች፣ ቆርቆሮዋ እንደማትወድቅ በእጇ ነቅንቃ አረጋገጠች።

“መንገዱማ እዚያው ነው” አለች፣ ከመሰላሉ እየወረደች። “ሞተሩን አጥፋ።”